«የዋተርሎ ጥሩር ነው» ተብዬ 2,400 ዩሮ ተጠየቅኩ፤ ምን ትላላችሁ?

እቴ_ጌጤ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከፓሪስ ወጣ ካለች አንዲት መንደር ነው። እዚህ አካባቢ እሁድ እሁድ ሰው ከጣሪያው ስርና ከምድር ቤቱ ያጠራቀመውን አሮጌ ዕቃ እያወጣ መንገድ ዳር ይሸጣል። ሰሃን፣ መብራት፣ የሕፃን ጋሪ፣ ምኑ ቅጡ። ባለቤቴ «ትርኪ ምርኪ» ይለዋል። እኔን ግን ሱስ ሆኖብኛል።

ያለፈው እሁድ አንድ ሽማግሌ ከብርድ ልብስ ስር የፈረሰኛ የብረት ልብስ አወጡ። የደረቱም የጀርባውም አለ። ዳር ዳሩን የነሐስ ምስማር ተደርድሮበታል፤ ትከሻው ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረ ነሐስ አለው፤ ወገቡ ላይ የደረቀ የቆዳ ቀበቶ። የደረቱን ብቻ ላነሳ ብዬ እጄ ወደ ታች ወረደ። ሽማግሌው ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ዋተርሎ ላይ የነበረ ነው፤ የአያቴ አያት ናቸው የለበሱት» አሉኝ። ደረቱ ላይ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። «የእንግሊዝ ጥይት» አሉ። 2,400 ዩሮ።

እስከሚቀጥለው እሁድ ያቆዩልኝ ብዬ ሄድኩ። ስለዚህ ነገር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ። ስለ ፈረንሳይ ታሪክ የማውቀው ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው የምትመጣውን ያህል ነው።

ፈረሰኛው፦

እቴ ጌጤ፣ እንኳን ገንዘቡን ሳትከፍዪ ጠየቅሽ። እኔ ብራስልስ ነኝ፤ ናፖሊዮን ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈበት ዋተርሎ ከቤቴ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጦርነቱ ቦታ ላይ ያለውን የአንበሳውን ኮረብታ 226 ደረጃ ስንት ጊዜ እንደወጣሁት ጉልበቴ ይናገር። ስለዚህ ጉዳዩ ትንሽ ይመለከተኛል። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሪ።)

ያየሽው ነገር ባለቤት «ኩይራሲዬ» ይባላል፤ ባለ ጥሩር (የደረትና የጀርባ ብረት የለበሰ) ፈረሰኛ እንበለው። ከአብዮቱ በፊት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ የብረት ልብስ የቀረለት አንድ ክፍለ ጦር ብቻ ነበር። ሌላው ከባድ ፈረሰኛ በጨርቅ ብቻ ነው የሚዋጋው። ናፖሊዮን ገና ንጉሠ ነገሥት ሳይሆን፣ ከ1802 ጀምሮ፣ ብዛት ያላቸውን ከባድ ፈረሰኞች ቀነሰና 12 ክፍለ ጦር ብቻ መርጦ ሁሉንም ጥሩር አለበሳቸው። ረጅም ሰው፣ ትልቅ ፈረስ፣ ከዚህ በፊት የተዋጋ። ብዙ አይደሉም፤ ግን ዋና ጦርነት ላይ መጨረሻ የሚለቀቁት እነሱ ናቸው።

የዚያ ዘመን ጥሩር የደረቱም የጀርባውም አንድ ላይ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል። እያንዳንዱ ቁራጭ ዳሩን ይዞ 34 የመዳብ ምስማር ተመቶበታል። ከውስጥ በጨርቅ ተደግፎ፣ በአንገቱና በክንዱ ዙሪያ ነጭ ዳር ያለው ቀይ ጨርቅ ብቅ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ከታች፣ እምብርቱ ላይ፣ ሾል ያሉ ነበሩ። በኋላ የተሠሩት እየተጠጋጉ መጡ።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ። ታሪኩን ከሽማግሌው አትስሚ፤ ብረቱን ጠይቂው። የደረቱን ገልብጪና ከውስጥ በኩል ዳሩን በባትሪ እዪ። ፈረንሳዮች የተሠራበትን ፋብሪካ፣ ወሩንና ዓመቱን በተቀጣጠለ የእጅ ጽሑፍ ይቀርጹበት ነበር። በጣም ደቃቅ ነው፤ ዝገት ሊሸፍነው ይችላል። ፎቶ አንሺና ላኪልን።

ተጠራጣሪው፦

እኔ የምለው፣ ይሄ ሁሉ ለቆርቆሮ? ጥይትስ ያቆማል? ካላቆመ ምን ይሠራለታል፣ ማሞቂያ ነው እንዴ?

ፈረሰኛው፦

በቅርብ ከተተኮሰ አያቆምም፤ ጠመንጃ ይበሳዋል። ከሩቅ የመጣ ጥይት ወይም በጎን የገጨው ግን ሊያንሸራትተው ይችላል። ዋተርሎ ላይ የነበሩ እንግሊዞች ጥይታቸው ጥሩሩ ላይ ሲያርፍ እንደ በረዶ ሲንጓጓ ይሰማ እንደነበር ጽፈዋል። ዋናው ሥራው ግን ለጥይት ሳይሆን ለሰይፍ፣ ለጦርና ለሳንጃ ነው። ፈረሰኛ ለፈረሰኛ ሲገናኝ ደረትህና ጀርባህ ብረት ከሆነ አንተ ትወጋለህ፣ እሱ ግን አንገትህን ወይም ክንድህን ካልፈለገ የሚያገኘው የለም። የራስ ቁራቸው ላይ ያለው የፈረስ ጭራም ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልህ። ከኋላ አንገት ላይ የሚያርፍ ሰይፍ ያበርዳል።

ባትላሜራው፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ታሪክ አላውቅም፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነኝ። ላሜራ ግን አውቃለሁ። እህቴ፣ ያንን ቀዳዳ ልንገርሽ።

ብረት በጥይት ሲመታ መጀመሪያ ይጎደጉዳል፣ ቀጥሎ ይቀደዳል። ስለዚህ ከውጭ በኩል በቀዳዳው ዙሪያ ወደ ውስጥ የተሰመጠ ጎድጓዳ ታገኛለሽ፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ጠርዙ እንደ አበባ ወደ ውጭ ተከፍቶ ይቀራል፣ የተሰነጠቀም ይሆናል። በትራፓኖ የተበሳ ከሆነ ግን ጠርዙ ንጹህ ነው፣ ዙሪያው ሜዳ ነው፣ ጣትሽን ስታዞሪው ልስልስ ይላል። አንዳንዱ ብልጥ በትራፓኖ ከበሳ በኋላ በመዶሻ ይደበድበዋል፤ ያም ቢሆን የመዶሻ ምት ከጥይት ይለያል፣ ብዙ ትናንሽ ጠባሳ ይተዋል። ዝገቱንም እዪ። የድሮ ዝገት ጥቁር ቡናማ ሆኖ ብረቱን በልቶ ይቀመጣል። ቀዳዳው ውስጥ ብርቱካን የመሰለ አቧራ ካየሽ ትናንት የዛገ ነው።

ጡረተኛው፦

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ፈረሰኛው «ጥሩር» ማለቱ ደስ አሰኝቶኛል፤ ዛሬ ይህን ቃል የሚጠቀምበት ሰው ትንሽ ነው። ሁላችንም ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ሰምተነዋል። ጎልያድ የለበሰው ጥሩር ነው። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «የጽድቅንም ጥሩር ለብሳችሁ» ያለው፣ «የመዳንንም ራስ ቁር» ያለው እሱ ነው። እንግዲህ ይህ የናፖሊዮን ፈረሰኛ ጥሩርም ራስ ቁርም ነበረው፤ ጋሻ ብቻ ነው የጎደለው። የኛ አገር ፈረሰኛ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጋሻና ለምድ ይዞ ብረቱን ሳይለብስ ይገባል።

ፈረንሳይ ብረት የለበሰ ፈረሰኛ የጀመረችው በናፖሊዮን እንዳይመስላችሁ። ንጉሥ ሻርል 7ኛ በ1445 ደመወዝ የሚከፈለው ቋሚ ጦር ሲያቋቁም ልቡ ያረፈው ከራስ እስከ እግር ብረት በለበሱት ዣንዳርሞች ላይ ነው። «ዣንዳርም» ዛሬ ፖሊስ ሆኖ ቀርቷል እንጂ በመጀመሪያ ትርጉሙ የጦር መሣሪያ የያዘ ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች በ1525 ፓቪያ ላይ ንጉሣቸውን ፍራንሷ 1ኛን ይዘው ገቡ፤ የስፔን ጠመንጃ ያዥ እየለቀመ ጣላቸው፤ ንጉሡም ተማረከ። ከዚያ በኋላ ብረቱ በየዘመኑ ከእግር ጀምሮ እየተቆረጠ እየተቆረጠ ሄደ። መጀመሪያ የእግሩ፣ ቀጥሎ የክንዱ፣ በመጨረሻ ደረትና ጀርባ ብቻ ቀረ። እቴ ጌጤ ያየችው ያ የቀረው ነው።

ስለዚሁ ንጉሥ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ኢንስብሩክ የሚኖር ዮርግ ዞይዘንሆፈር የሚባል የብረት ልብስ ሠሪ ለፍራንሷ የሚሆን ግሩም ልብስ በ1539 እና 1540 ሠራ፤ ከኦስትሪያው ፈርዲናንድ የሚላክ ስጦታ ነበር። ሁለቱ ቤቶች ተጣሉና ሳይላክ ቀረ። ከ250 ዓመት በላይ ኦስትሪያ ተቀመጠ። ናፖሊዮን ኦስትሪያን ሲያሸንፍ «የኛ ነው» ብሎ ወደ ፓሪስ አስመጣው። ዛሬ ሌዘንቫሊድ፣ የጦር ሙዚየሙ ውስጥ አለ። ስጦታው ደረሰ ማለት ነው፣ ባለቤቱ ባይኖርም።

ተጠራጣሪው፦

ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ፖስታ ቤት እኛም ሰፈር አለ።

እቴ_ጌጤ፦

ሃሃ! ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽማግሌውን ደውዬላቸው ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሄጄ አየሁት። ከደረቱ ውስጥ በታችኛው ዳር እውነትም ጽሑፍ አለ! ልጄ በስልኳ መብራት ከጎን አብርታ አነበበችው። በድምፁ ስጽፈው እንዲህ ይላል፦ «ማኑፋክቱር ኢምፔሪያል ደ ሻቴልሮ፣ ማርስ 1857፣ 2 ቴ 2 ኤል»፣ ቁጥርም አለው። የጀርባው ላይም አለ፤ እሱን ግን ዝገቱ በልቶት ልጄ ልታነበው አልቻለችም። ሽማግሌው «1857 የታደሰበት ዓመት ነው» አሉኝ። ትንሽ ተቆጡም።

ፈረሰኛው፦

ያ ጽሑፍ ስንት ነገር እንደነገረሽ ታውቂያለሽ?

አንደኛ፣ ሻቴልሮ። የዋተርሎ ጦርነት የተካሄደው ሰኔ 18 ቀን 1815 ነው። የሻቴልሮ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1819። በናፖሊዮን ዘመን የሰይፍና የጥሩር ዋናው ቤት አልዛስ ውስጥ ያለው ክሊንገንታል ነበር። ለድንበር በጣም ስለቀረበ ሥራው በኋላ ወደ መሀል አገር፣ ወደ ሻቴልሮ ተዛወረ። ጽሑፉ ደግሞ የተሠራበትን ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ «የታደሰበት» የሚለው አያስኬድም።

ሁለተኛ፣ ያቺ «ኢምፔሪያል» የምትለው ቃል። ፋብሪካው ያው አንድ ፋብሪካ ነው፤ ከፊቱ ያለው ቅጽል ግን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። ንጉሥ ሲኖር «ሯያል»፣ ንጉሠ ነገሥት ሲሆን «ኢምፔሪያል»፣ ሪፐብሊክ ሲሆን «ናስዮናል»። የፈረንሳይን 19ኛው ክፍለ ዘመን በጥሩር ዳር ላይ ማንበብ ትችያለሽ ማለት ነው። 1857 ደግሞ የናፖሊዮን 3ኛ ዘመን ነው፤ የዋናው ናፖሊዮን የወንድሙ ልጅ። ያንቺው የ1855 ሞዴል የሚባለው መሆን አለበት፤ ከቀደመው የ1825 ሞዴል ይቀላል።

ሦስተኛ፣ «2 ቴ 2 ኤል»። ቴ ቁመት ነው፣ ኤል ስፋት። እንደ ሸሚዝ ቁጥር። ሁለተኛ ቁመት፣ ሁለተኛ ስፋት። ብረት እንደ ጨርቅ አይለጠጥም፤ በልክ ካልተሰጠ ወታደሩ ፈረስ ላይ ጎንበስ ማለት አይችልም።

ዋተርሎን ስታጪ ግን እንዳታዝኚ። 1857 የተሠራ ጥሩር ከዋተርሎ የማያንስ ነገር አይቶ ሊሆን ይችላል። ነሐሴ 6 ቀን 1870፣ አልዛስ። ፕሩሲያኖች የፈረንሳይን ጦር ቀኝ ክንፍ ሲጫኑት ጄኔራሉ ጊዜ ለማግኘት 8ኛውንና 9ኛውን የጥሩር ክፍለ ጦር ለቀቃቸው። የወይንና የጌሾ ማሳ መሀል፣ የዛፍ ግንድ፣ ቦይ። ፈረስ የሚጋልብበት ቦታ አይደለም። ተርፈው ሞርስብሮን የምትባል መንደር የደረሱት በአንዷ መንገድ ገቡ። መንገዱ ተዘግቷል። ከየመስኮቱና ከየጣሪያው ይተኮስባቸዋል። ከኋላ የሚመጣው የፊቱን እያየ አይደለም፣ ይገፋል። ፈረስ በፈረስ ላይ ወደቀ። ያ ሁሉ ብረት የለበሰ ሰው ከሃያና ሠላሳ እርምጃ በሚተኮስ ጠመንጃ ፊት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌሎች አራት ክፍለ ጦሮች በሌላ በኩል ተለቀቁ፤ ውጤቱ ያው ነበር።

ፈረንሳዮች ይህን «የራይክሾፈን ግልቢያ» ይሉታል፤ ራይክሾፈን ግን ከቦታው ራቅ ያለች ከተማ ናት። ስሙ ስለሚጥም ነው መሰለኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን። ጥሩር እንደ ጫማ አያልቅም። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ሲሰናበት ወደ መጋዘን ይመለሳል፣ ለሌላ ይሰጣል። ፕሩሲያ ራሷ ከ1815 በኋላ የማረከችውን የፈረንሳይ ጥሩር ለራሷ ፈረሰኞች አልብሳለች። ስለዚህ ጽሑፉ የተወለደበትን ይነግርሻል፤ የት እንደዋለ አይነግርሽም። «ራይክሾፈን ነበር» የሚል ሻጭ ከመጣም እንዳታምኚው።

ነርሷ_ከሜሪላንድ፦

እኔ ስለ ጦርነት አልወድም፤ ግን ጥሩር የምትለዋን ቃል ሳይ ትምህርት ቤት ያነበብኩት ትዝ አለኝ። ዶሚኒክ ላሬይ የሚባል የናፖሊዮን ጦር ሐኪም አለ። ቁስለኛን ከጦርነቱ መሀል በፈጣን ጋሪ ማውጣት የጀመረ ሰው ነው፤ የዛሬ አምቡላንስ አባት ይሉታል። በ1809 ከኤስሊንግ ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ቁስለኛ ይዞ ዳኑብ ወንዝ ላይ ያለች ሎባው የምትባል ደሴት ውስጥ ይቀራል። ድልድዩ ተሰብሯል። ምግብ የለም፣ ድስት የለም፣ ጨው የለም።

ምን አደረገ መሰላችሁ? ፈረሶችን አሳረደ። የፈረሰኞቹን የደረት ጥሩር ገልብጦ እንደ ብረት ድስት እሳት ላይ ጣደው። ሥጋውን በሱ ቀቀለ። በጨው ፋንታ ባሩድ ነሰነሰበት። ቁስለኛው ያንን ሾርባ ጠጥቶ ነው ያደረው፤ ማርሻል ማሴናም ቀምሶታል ይባላል። ጥሩር ሕይወት ያተረፈበት ቀን ብዬ የማስበው ያንን ነው።

ባትላሜራው፦

እህቴ፣ ይሄ ከሁሉ ይበልጣል። ድስት አይተሽ ታውቂያለሽ ቀዳዳ ያለው? የእቴ ጌጤ ለሾርባ አይሆንም።

ተጠራጣሪው፦

እሺ ተሸነፍኩ፣ ገባኝ። ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። 1870 ላይ እንደዚያ ካለቁ በኋላ ለምን አላወለቁትም? ሰው ከስህተቱ አይማርም?

ፈረሰኛው፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያኔ የሚመሩት ጄኔራሎች ወጣት ሳሉ የተነገራቸው ታሪክ ሁሉ ጥሩር ያሸነፈበት ነው። ኤይላው፣ የካቲት 1807፣ በረዶ ውስጥ፣ የናፖሊዮን ማርሻል ሚዩራ ወደ 10,000 የሚጠጋ ፈረሰኛ ይዞ የሩሲያን መሀል ሰንጥቆ የሚያልቀውን ጦር አተረፈ። ኤክሙል፣ ሚያዝያ 1809፣ ምሽት ላይ ከኦስትሪያ ባለ ጥሩሮች ጋር ተገናኙ። የኦስትሪያው ጥሩር የደረት ብቻ ነው፤ ለክብደት ብለው የጀርባውን ትተውታል። ፊት ለፊት ሲሆን እኩል ናቸው። ኦስትሪያዎቹ ፈረሳቸውን ባዞሩባት ቅጽበት ግን ጀርባቸው ጨርቅ ነው። አንድ ሳህን ብረት ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች። ቦሮዲኖ በ1812 ከምሽጉ ውስጥ በፈረስ ገቡ፤ የመሯቸው ጄኔራል ኦጉስት ደ ኮላንኩር እዚያው ወደቀ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው ራይክሾፈንን «ተሸነፍን» ብሎ አያነበውም። «እንዴት ያለ ጀግንነት» ብሎ ነው የሚያነበው። ሥዕሉን ሥሎ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እንግዲህ የሰቀልከውን ነገር ማውለቅ ይከብዳል። ይህ የኔ ሐሳብ ነው፣ ካልተስማማችሁ ተሟገቱኝ።

በነሐሴ 1914 አሥራ ሁለቱ ክፍለ ጦሮች ከፓሪስና ከየሰፈሩ ሲወጡ ያው ጥሩር ደረታቸው ላይ ነበር። የለወጡት እንዳያብረቀርቅ ቁሩንና ጥሩሩን በጨርቅ መሸፈን ነው። መትረየስ ወዳለበት። በዚያ ሙቀት ብረቱ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት በረዶ ይሆናል፤ ከፈረስ ወርዶ ተኝቶ መተኮስ ደግሞ የማይታሰብ ነው። እየቆየ እያወለቁ ጣሉት፤ በ1915 በይፋ ቀረ። ብዙዎቹም ፈረሱን ትተው ጉድጓድ ውስጥ እግረኛ ሆኑ።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ስለ መስቀል የተናገርከው ልክ ነው፤ ግን ትንሽ ፍትሕ ስጣቸው። ከኛም መሀል በ1928 ዓ.ም. ጎራዴ ይዞ ወደ አውሮፕላንና ወደ መትረየስ የሮጠ አባት ያለው አለ። ያንን «ከስህተቱ አይማርም» ብለን አናልፈውም።

ፈረሰኛው፦

ልክ ነዎት ጋሼ። ወታደሩን አልነበረም ያልኩት፤ አዛዡን ነው። ይቅርታ።

እቴ_ጌጤ፦

ዛሬ ቅዳሜ ባለቤቴን ጎትቼ ሌዘንቫሊድ ሄድን። ጋሼ ያሉትን የፍራንሷን ልብስ አየነው፤ እውነትም ግሩም ነው። ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው።

አንድ ጥሩር አለ፣ እንደ ወርቅ የሚያበራ። ካራቢንዬ የሚባሉት ፈረሰኞች ነው፤ በ1809 መጨረሻ ነው ናፖሊዮን እነሱንም ብረት አልብሱ ያለው። ከሌላው እንዲለዩ ብረቱ ላይ ነሐስ ለብጠውበታል። ይሄኛው በቀኝ በኩል፣ ከጡት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳ ስል የኔውን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ሁለቱን ቡጢዬን አጣምሬ የማስገባበት ነው። የመድፍ አረር ነው። ጀርባውንም በስቶ ወጥቷል። ጀርባው ላይ ያለው ነሐስ ወደ ውጭ ተቀዶ እንደ ቆርቆሮ ተጠቅልሏል። ባትላሜራው ያልከው «አበባ» እሱ ነው።

ባለቤቱ ፍራንሷ-አንቷን ፎቮ ይባላል። 23 ዓመቱ ነው። ቁመቱ 1.79 ሜትር። ቅቤ ነጋዴ ነበር። የጦሩ መዝገብ ላይ ፊቱ ሳይቀር ተጽፎለታል፤ ግንባሩ፣ ዓይኑ ሰማያዊ እንደሆነ፣ ጠቃጠቆ እንዳለበት። የተመዘገበው ግንቦት 1815 ነው። ዋተርሎ ሰኔ 18። ሁለት ወር አልሞላውም።

ባለቤቴ ትርኪ ምርኪ ሲል የኖረው ሰውዬ መስታወቱ ፊት ቆሞ ቀረ። «ስንት ሰዓት ላይ ይሆን?» አለኝ። ምን እንደሚል ገባኝ፤ ግን መልስ አልነበረኝም።

ፈረሰኛው፦

ፎቮ... እኔ ዋተርሎ ስሄድ ሁሌ እሱን ነው የማስበው። ከሰዓት በኋላ ማርሻል ኔይ ፈረሰኛውን በጅምላ ወደ ኮረብታው ላከው፤ ያለ እግረኛ፣ ያለ በቂ መድፍ። እንግሊዞች አራት ማዕዘን ሠርተው ሳንጃቸውን ወደ ውጭ ቀስረው ቆሙ። ፈረስ ሳንጃ ላይ አይገባም፣ የፈለግከውን ያህል ብትወጋው። ዙሪያውን ይዞራል፣ ይተኮስበታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይመጣል። ከመድፎቹ አንዱ ነው ፎቮን ያገኘው። መሬቱ ዛሬ የድንችና የስንዴ ማሳ ነው። ሌላ ብዙ የሚታይ ነገር የለም።

ባትላሜራው፦

እቴ ጌጤ፣ ነገ ከገዛሽው አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። የብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነኪው! የሰው ልጅ አሮጌ ብረት ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ማብረቅረቅ ነው። ስትፈገፍጊው ዝገቱ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ያ ደቃቅ ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል። በቀጭን የማሽን ዘይት አርሰሽ ተዪው፣ በማግሥቱ በጥጥ ጨርቅ ጥረጊ፣ ድገሚው። ቆዳውን ውሃ አታስነኪ። እንዳትቀቢው ደግሞ፤ ኒኬል የተቀባ የድሮ ብረት አይቼ አልቅሼ አውቃለሁ።

እቴ_ጌጤ፦

ደረስኩ። ልንገራችሁ።

ገና ሳይነጋ ነው የሄድነው። ባለቤቴም መጣ፣ ማንም ሳይጎትተው። ባትላሜራው እንዳለው ቀዳዳውን በጣቴ አዞርኩት። ልስልስ። ዙሪያው ምንም ጎድጓዳ የለውም። ከውስጥ በኩል ጠርዙ ላይ ብርቱካንማ አቧራ አለ፣ ጣቴን ቀባው። ጣቴን ለሽማግሌው አሳየኋቸው። ምንም አላሉም። ጽሑፉንም አሳየኋቸውና ሻቴልሮ በ1819 መቋቋሙን ነገርኳቸው። ቆይተው «እኔም ስገዛው ዋተርሎ ነው ብለውኝ ነበር» አሉ። ስለዚህ የአያት አያት የሚባል ነገር የለም። ግን ሳያቸው አሳዘኑኝ፤ እሳቸውም ያመኑ ነው የመሰለኝ። ለነገሩ ማን ያውቃል።

የጀርባውን ጽሑፍ ልጄ አጉሊ መነፅር ይዛ ነበርና አነበበችው። እሱም ሻቴልሮ ነው፤ ግን «ናስዮናል» ይላል፣ ቁጥሩም ሌላ ነው። ፈረሰኛው፣ በቅጽሉ ለየሁት! የደረቱ የንጉሠ ነገሥቱ፣ የጀርባው የሪፐብሊኩ። ሁለት ሰዎች የለበሱት ሁለት ግማሽ ነው። ይህን ስነግራቸው ዋጋው ወረደ፤ በ850 ዩሮ ተስማማን።

የወገቡን ቀበቶ ቤት ገብተን ነው ያየነው። በደንብ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉት፣ እኩል እኩል ተራርቀው። ከነሱ ወዲያ አንድ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ጠማማ ነው፣ በምስማር የተበሳ ነው የሚመስለው። ከሁሉም የጠበበው እሱ ነው። ዳሩ የተሸበሸበው እዚያ ጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ የታሰረው በእሱ ነው ማለት ነው። የከሳ ሰው።

ባለቤቴ ልለብሰው አለ። ልጄና እኔ ሁለታችን ተጋግዘን አስገባነው። ቁመቱ ልኩ ነው፤ ስፋቱ ግን ጎኑ ላይ አራት ጣት ያህል ክፍት ቀረ፣ ቀበቶው ጭራሽ አልደረሰም። «ይሄ ዶሮ ወጥሽ ነው» አለኝ። ቡና ላፈላ ገባሁ። ስመለስ አላወለቀውም፤ ሳሎን መስታወት ፊት ቆሞ በቀኝ በኩል፣ ከጡቱ ወረድ ብሎ፣ በእጁ እየዳሰሰ ነው።